የሐረማያን ወፎች ማን ይጻፍልን?

ሐረር ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተፈጥሮ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ ያውም ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ስለ ወፍ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ውሃና ዛፍ ያለበት አንድ መንገድ ምረጡ። እዚያው መንገድ ላይ ደጋግማችሁ በእግር ሂዱ። ያያችሁትን ወፍ በደብተር ጻፉ። ለእኔ የሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው መንገዱ። ለእናንተ የሐኪም ጋራ ሥር ሊሆን ይችላል፤ የትምህርት ቤታችሁ ግቢም ሊሆን ይችላል። ለምን ይህን ያህል እንደምለምናችሁ አሁን ላስረዳ።

ሁላችንም ከምናውቀው ወፍ ልጀምር። ሐረር ውስጥ ሥጋ ገዝቶ የወጣ ሰው ሁሉ ጭልፊትን ያውቃል። ሥጋ ተራው ጣሪያ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ፌስታሉን ሳይሸፍን የወጣ እንግዳ ካገኙ ከላይ ተወርውረው ነጥቀውት ይሄዳሉ። የከተማው ልጅ ግን ሥጋውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይይዛል። ወፏን እንዲህ በቅርብ የምናያት ሆነን ሳለ፣ ምንቃሯን ልብ ብለን የምናይ ጥቂቶች ነን።

ነገ ስታልፉ እዩት። ምንቃሩ ሙሉ ቢጫ የሆነው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ የሚራባው ነው። ምንቃሩ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ላይ ብቻ ቢጫ የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። አውሮፓ ወይም እስያ ተፈልፍሎ፣ የዚያን አገር ብርድ ሸሽቶ እኛ ዘንድ የመጣ ነው። የእኛዎቹም ልጆች እስኪያድጉ ድረስ ምንቃራቸው ጥቁር ስለሆነ አንድ ምልክት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ከመስከረምና ጥቅምት በኋላ እንግዶቹ ይበዛሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ያቺ ጣሪያ ላይ የሁለት አህጉር ወፎች አብረው ይቀመጣሉ። ይህን ለማየት ዓይን እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። አንዱ ምክንያት ከፍታችን ነው። እዚህ አካባቢ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱን በደንገጎ በኩል ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። በሚኒባስ ከሁለት ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ጠዋት ድሬ ላይ በግራሮቹ መካከል ቀይ ምንቃር ያለው ቀንደ ምንቃር ወፍ ታያላችሁ። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ የሆነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ቀበቶ የታጠቀው የሚያምር ወፍም አለ። ያው ቀን ከሰዓት ሐረማያ ብትደርሱ ሌላ ዓለም ነው፤ አየሩም ወፉም ይቀየራል።

ሌላው ምክንያት የምንኖርበት ቦታ ነው። ድሬዳዋ ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ባቡሩ የሚወርድበት ጅቡቲም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲና ከየመን መካከል ያለው ባብ ኤል መንደብ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ስፋቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ንስርና ሌሎች ከባድ አሞሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ነው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይገኝም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ይመርጣሉ። በየዓመቱ በመጸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አሞሮች በዚያች ጠባብ በር ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ብዙዎቹ የሚያቋርጡት የእኛን ምሥራቅ ነው። በጥቅምት ወር ረፋድ ላይ ድሬዳዋ ቆማችሁ ቀና ብትሉ የማይከፈልበት ትልቅ ትርዒት አለ። በበኩሌ ከዚያ የሚበልጥ የጥቅምት ቅዳሜ አላውቅም።

አሁን ወደ ሐረማያ ልመለስ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

እዚህ ያላችሁት ትልልቆቹ ሐይቁን ታስታውሳላችሁ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲኬድ ከመንገዱ ዳር ሰፊ ውሃ ነበር። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው የዚያን ውሃ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ሐይቁ ደረቀ። ከብት የሚጋጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሆነ። ጎረቤቱ የአዴሌ ሐይቅም አልተረፈም።

እንዴት ደረቀ? አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ ማረፍ ይቀላል፤ እውነቱ ግን ብዙ እጅ አለበት። በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ውሃ ይስባል። ከተሞቹም ይስባሉ። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ዛፋቸው ስለተመነጠረ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈር ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ውሃው ጥልቀት ያጣል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጠጣዋለች። ያው ራቁቱን የቀረ ዳገት በሌላ በኩል ምን እንዳደረገ ድሬዎች ታውቁታላችሁ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። በዚህ በኩል ሐይቅ ሲደርቅ በዚያ በኩል ጎርፍ ይወርዳል። ሁለቱም ከአንድ ተራራ ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ሐይቁ ሲሄድ ወፎቹም ሄዱ። ሐረማያና አዴሌ በአገራችን ለወፎች ወሳኝ ተብለው ከተመዘገቡት ቦታዎች ውስጥ ነበሩ። በዙሪያው ያደጉ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። «ወፍ ነበር፣ ብዙ ነበር፣ ውሃው ይጠቁር ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ምን ዓይነት ወፍ? በየትኛው ወር ይበዛ ነበር? መቀነስ የጀመረው ውሃው ከመጉደሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አልፎ አልፎ የመጡ ተመራማሪዎች ቆጥረው ሄደዋል። ለዓመታት በየሳምንቱ የጻፈ የአካባቢ ሰው ግን አላገኘሁም። ያ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ዓይናችን ሥር የሆነውን ነገር ወር በወር የሚነግረን ደብተር በእጃችን የለም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውሃው ተመልሷል። ዝናቡም ረድቷል፤ ዳገቱን ለማልማትና ውሃውን ለመጠበቅ የደከሙ ሰዎችም አሉ። ያኔ ያየሁት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ወፎቹ ቀድመውን ያውቃሉ። ዳክዬዎች ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው የሚጓዙት፤ አዲስ ውሃ የትም ቢሆን ያገኙታል። አንድ የሐይቁ ዳር ገበሬ፣ ኦቦ ብዬ የምጠራቸው ትልቅ ሰው፣ እንዲህ አሉኝ፤ «ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ እነሱ መጥተው ነበር። እኛ ይቆያል አይቆይም ስንል እነሱ እንቁላል ጣሉ።»

አሁን ሐረማያ ዳር ሄዳችሁ ምን ታያላችሁ? ከውሃው ጠርዝ ተነስታችሁ ወደ መሐል ተመልከቱ። ወፎቹ የሚቆሙት ዝም ብሎ አይደለም።

ሣሩ ላይ፣ ከብቶቹ እግር ሥር፣ ትንንሽ ቢጫ ወፎች ጭራቸውን እየወዘወዙ ይሮጣሉ። ከሰሜን የመጡ ናቸው። ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሳውን ዝንብ ይለቅማሉ። አጠገባቸው ያሉት ነጫጭ ወፎችም ያንኑ ይበላሉ፤ እነሱ ግን እዚሁ የሚኖሩ ናቸው። ትንሽ ወረድ ብሎ ጭቃው ላይ አጫጭር ምንቃር ያላቸው ከላይ ከላይ ይለቅማሉ። ረዘም ያለ ምንቃር ያላቸው ጭቃው ውስጥ ሰክተው ትል ያወጣሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከሳይቤሪያ ድረስ የመጡ ናቸው። ውሃው ቁርጭምጭሚት የሚያክልበት ቦታ ላይ ጥቁርና ነጭ የለበሰ፣ ሮዝ እግሩ እጅግ የረዘመ ቀጭን ወፍ ይቆማል። እግሩ ለምን ረዘመ? አጭር እግር ያለው የማይደርስበት ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዲበላ ነው። ከዚያ አለፍ ሲል ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬ አለ። ምንቃሩን ውሃው ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ እያለ ውሃውን ያጠልላል፤ ውስጡ የቀረውን ጥቃቅን ነፍሳት ይውጣል። መሐል ላይ ደግሞ ሰውነቱ ጥቁር፣ ምንቃሩና ግንባሩ ነጭ የሆነ ወፍ ይዋኛል። ኩት ይባላል። በመራቢያ ወቅቱ ግንባሩ ላይ ሁለት ቀይ እብጠቶች ይወጡለታል። ጠልቆ ከሥር የውሃ ሣር እያወጣ ይበላል።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ሁሉ ወፍ አንድ ሐይቅ ላይ ሆኖ የማይሻማው ጥልቀቱ ስለሚለያይ ነው። ሞተር ውሃ በሳበ ቁጥር ቀድሞ የሚጠፋው ጠርዙ ነው፤ ያ ጭቃና ያ ቁርጭምጭሚት የሚያክለው ውሃ። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ አሁንም ሐይቅ ነው። ጠርዙ ላይ የሚበሉት ግን ቀድመው ይሄዳሉ። ሰው ሐይቁ ጎደለ ከማለቱ በፊት ባለ ረጅም እግሩ ወፍ መጥፋቱን የጻፈ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ለከተማው ወሬ አለው። የደብተሩን ነገር አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው።

ስለ ገበሬው ሳልናገር ባልፍ ሚዛን አይሆንም። ከተማ ሆኖ ወፍ መውደድ ቀላል ነው። ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያስጮኸ የሚውለውን ልጅ ጠይቁት። ግሪሳ መንጋ ሆኖ ማሳ ላይ ከወረደ የዓመት ልፋት በቀናት ያልቃል። ስለዚህ ገበሬ ዘንድ ሄዳችሁ ስለ ወፍ ስትናገሩ ወፍ ሁሉ ወዳጅ ነው አትበሉ፤ አያምናችሁም፤ ልክም ነው። ከዚያ ይልቅ አብራችሁ ለዩ። ይህ እህል ይበላል፤ ይህ አንበጣና አባጨጓሬ ይበላል፤ ይህ አይጥ ይይዛል በሉ። ጫት ላይ የሚረጨው መርዝም ነፍሳቱን ጨርሶ እነዚያን ሊረዱት የሚችሉትን ወፎች ያስርባል። ይህን ስነግረው በጥሞና ያልሰማኝ ገበሬ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ አካሄዱ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ መሣሪያ የሚያስፈልግ ይመስላችኋል።

ሰዓቱ ከሁሉ ይበልጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቦታው ላይ ድረሱ። ወፍ የሚበላውና የሚጮኸው ያኔ ነው። ሦስት ሰዓት ካለፈ ዝም ይላል። የሐረማያ ጠዋት ይበርዳል፤ ጃኬት ያዙ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ፊታችሁ ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታያችኋል፤ ውሃ ላይ ደግሞ ይብሳል። ትንሽ ሂዱ፤ ከዚያ ቁሙ። መቆሙ ከመሄዱ ይበልጣል። ስትቆሙ መጀመሪያ የሸሸው ተመልሶ ይመጣል። ጆሮአችሁን ክፈቱ፤ ቅጠል ውስጥ ያለ ወፍ ቀድሞ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ስልክ ይዞ ለፎቶ እየተጠጉ ማባረር ግን አይሆንም። ከሳይቤሪያ የመጣ ወፍ ስብ አጠራቅሞ መመለስ አለበት። በተነሳ ቁጥር ያን ስብ ያቃጥላል።

ባይኖኩላር ያለው ይጠቀም። የምትገዙ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሁለት ቁጥር እዩ። 8 በ42 ካለ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ ይህ ይበቃል። 20 ያቀርባል ብሎ የሚሸጥላችሁን አትግዙ፤ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከሌላችሁም ቅር አይበላችሁ። የሥጋ ተራውን ጭልፊት፣ የከብቶቹን ነጫጭ ወፎች፣ ያን ባለ ሮዝ እግር በባዶ ዓይን ታውቃላችሁ።

የሚጻፈው ይህ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አየሩን ጻፉ። ውሃው የት ድረስ እንደሆነ ጻፉ፤ ሁልጊዜ አንዱን ድንጋይ ወይም አንዱን ዛፍ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የወፉን ዓይነትና ቁጥር። ስሙን ካላወቃችሁት ቅርጹን ሣሉ፤ ምንቃሩን፣ እግሩን፣ ሲበር የሚታየውን ነጭ ምልክት። ስሙ በኋላ ይገኛል። ደግሞ ሄዳችሁ ያላያችሁትን ጻፉ። «ዛሬ ዳክዬ የለም» የሚለው መስመር ከብዙ ፎቶ ይበልጣል። ሰው ደስ ያለውን ቀን ብቻ ይጽፋል፤ ባዶውን ቀን ይተወዋል። ከዓመታት በኋላ የምንፈልገው ግን ባዶው ቀን መቼ እንደጀመረ ነው።

ኢንተርኔት ያላችሁ ኢበርድ የሚባል አለላችሁ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል የሚያስተዳድረው ነፃ መመዝገቢያ ነው፤ የትም አገር ያለ ሰው ያየውን ያስገባል። የእኛ አገር የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ፤ ከ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የቆየ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ጥር አካባቢ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ በአገራችን ይህ ማኅበር በዚያ ሥራ ተሳትፏል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ደብተሩን ግን አትተዉ። ስልክ ይሰበራል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ መቶ ገጽ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ስለ ዛፍ አጭር ነገር ልበል። መንገዳችሁ ላይ ዋርካ ወይም ሾላ ካለ ሥሩ ተቀመጡ። ፍሬው ሲበስል እርግቡም፣ ቀንደ ምንቃሩም፣ ዋኔውም እዚያው ይሰበሰባሉ። ቆርች በቀይ አበባው ሲሞላ፣ ሬትም ሲያብብ፣ ወለላ የምትጠጣዋ የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ ትመጣለች። ባሕር ዛፍ ረጅም ስለሆነ ለጭልፊት ጎጆ ይሆናል፤ ለበላተኛ ወፍ ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። ችግኝ ስትተክሉ ይህን አስቡ። በየክረምቱ የምንተክለው ችግኝ ብዙ ነው፤ ፍሬ የሚበላለት ግን ጥቂቱ ነው ባይ ነኝ።

ጥንብ አንሳዎችንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ቄራ አካባቢ አሁንም ታዩአቸዋላችሁ፤ ስለዚህ ብዙ ይመስሉናል። በአፍሪካ ደረጃ ግን በፍጥነት እያለቁ ነው። በየከተማችን የምናያት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ፣ ፊቷ ራቁት የሆነው፣ ከ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመድባለች። ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ ጥንብ አንሳውን በመንጋ ይገድላል። ጅብን በእጁ የሚያበላ ከተማ ለጥንብ አንሳም ቦታ አያጣም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጨረሻ አንዲት መምህርት ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ስልሳ ተማሪ አለኝ። ሐረማያ ልወስዳቸው አልችልም፤ መኪናም በጀትም የለም። ምን ላድርግ?» አሉ።

መልሴ ይህ ነበር። እትዬ፣ አይውሰዷቸው። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ዛፍ ይምረጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰልፍ በፊት፣ አምስት ተማሪ አሥር ደቂቃ ሥሩ ይቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች አምስት። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ሁለቱ ያዳምጣሉ። ደብተሩ የክፍሉ ይሁን፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ክፍል ይተላለፍ። ወንጭፍ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ እሱን ቆጣሪ ያድርጉት፤ ወፍ የት እንደሚያርፍ ከሁሉም የሚያውቀው እሱ ነው። ጥቅምት ላይ ቢጀምሩ እንግዶቹ ሲመጡ ይደርሳሉ። ሐረማያ መሄድ የሚፈልጉ ከወላጆቻቸው ጋር በሚኒባስ ይምጡ፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ዳር አለሁ፤ ትርፍ ባይኖኩላር ይዤ እመጣለሁ።